ከድንጋይ ደወሉ እስከ ጢስ አባይ፦ የሥነ ምድር ባለሙያ የምትመራው የሁለት ቀን ጉዞ እንዴት ነበር?

ባሕር ዳር ውስጥ ታሪክ ሳስተምር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ እንግዳ በመጣብኝ ቁጥር ወደ ጣና ገዳማት ይዤ መውጣት ግዴታዬ ሆኖ ኖሯል። የጀልባውን መንገድ ብቻ ሳይሆን አስጎብኚዎቹ የትኛው ሥዕል ፊት ቆመው ምን እንደሚሉና የትኛው ቀልድ የት ላይ እንደሚጣል ሳይቀር በቃሌ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት አክስቴ ከሞጣ ሲመጡ፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ዘንድሮስ ከድንጋይ አዋቂዋ ልጅ ጋር ሂዱ» ብላ ስልክ ቁጥር ስትሰጠኝ ብዙም ሳልጠብቅ ነው የደወልኩት። ከሁለቱ ቀናት በኋላ የደረስኩበትን ፍርድ ከወዲሁ ልናገር፤ አገልግሎቱ በዝግጅት በኩል ገና ብዙ ይቀረዋል፣ በዕውቀት በኩል ግን በዚህ ከተማ ከእርሷ የተሻለ አስጎብኚ አልገጠመኝም።

አስጎብኚዋ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት የሥነ ምድር ባለሙያ ናት። ከሰኞ እስከ ዓርብ በጉድጓድ ውሃ ቁፋሮ ሥራ ላይ ትውላለች፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከስምንት እስከ አሥር ሰው እየያዘች የመጀመሪያውን ቀን በሐይቁ ላይ፣ ሁለተኛውን ቀን በጢስ አባይ ታስጎበኛለች። ቢሮ የላትም። ቀጠሮው በስልክ ይያዛል፣ ግማሹ ክፍያ በቴሌብር በቀብድ መልክ ይላካል፣ የቀረው እሑድ ማታ ስትመለሱ ይከፈላል። ስደውልላት ያስደሰተኝ ነገር ገበያዋን ለማሟሟቅ አለመሞከሯ ነው፤ ፏፏቴው በፖስተር ላይ እንደሚታየው ሆኖ የሚገኘው ዝናቡ ጠንቶ ሐይቁ ሲሞላ፣ ያውም ለኃይል ማመንጫ የሚሄደው ውሃ ሲተርፍ መሆኑን፣ በጥቅምት አጋማሽ ግን ደኅና ውሃ እንደሚኖረው፣ ከታኅሣሥ በኋላ ብንመጣ ኖሮ ሁለተኛውን ቀን እንድንተወው ትመክረን እንደነበር በግልጽ ነገረችኝ። ደንበኛ እንዳይቀርባት ብላ ይህን የምትደብቅ ብዙ ሰው አውቃለሁ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት የሐይቁ ዳርቻ ተገናኘን። የተነሣነው ግን 2 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። መጀመሪያ ነዳጅ ጎደለ ተባለ፤ ቀጥሎ ዘጠኝ ሰዎች ሆነን ሳለ ጀልባው የያዘው የመንሳፈፊያ ጃኬት ሰባት ብቻ ሆኖ ተገኘ። የጀልባው ባለቤት «ሐይቁ ጠዋት ጠዋት ረጋ ያለ ነው፣ ችግር የለውም» ሲል ልጅቱ ሁለቱ ጃኬቶች ካልመጡ አንድም ሰው እንደማይሳፈር ቁርጡን ነገረችውና ከሌላ ጀልባ ተበድሮ አመጣ። በአቋሟ አደነቅኳት፤ ሆኖም ይህ ዓርብ ማታ ተቆጥሮ ማለቅ የነበረበት ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ምን እንደሚመስል የምናውቅ ሰዎች በጠዋቷ አንዲት ሰዓት አንቀልድም። የዘገየነውን ያህል ስንመለስ ማዕበሉ ላይ ከፍለነዋል፤ አክስቴ ከዘጌ እስከ ባሕር ዳር ድረስ ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ ነው የመጡት።

ጀልባው ከዳር ራቅ እንዳለ ሞተሩን አስጠፋችውና ስለ ሐይቁ መጠን ተናገረች። ጣና ከሰሜን ወደ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሰፋ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ጽፌ አስገልብጫለሁ። ጥልቀቱ ግን ግፋ ቢል 14 ሜትር ገደማ መሆኑን ሰምቼ ከማለፍ በቀር ሁለቱን ቁጥሮች አጋጥሜ አላውቅም ነበር። እርሷ ወደ አክስቴ ዞር ብላ «እማማ፣ ሐይቁን አሳንሰን የእርስዎን ምጣድ ብናሳክለው ውሃው ምን ያህል የሚወፍር ይመስልዎታል?» ብላ ጠየቀች። አክስቴ «እንደ እንጀራ ነዋ» አሉ። ልጅቱ ከማስታወሻ ደብተሯ አንድ ገጽ ገንጥላ ሰጠቻቸው፤ የምጣዱ ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የጣና ጥልቀት የአንዲት ወረቀት ውፍረት ብቻ ይሆናል። ቤቴ ተመልሼ በወረቀትና በእርሳስ አስልቼዋለሁ፤ ልክ ናት። ጉማራና ርብ በየክረምቱ ተሸክመው የሚያመጡት ደለል፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ፣ ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈራ ከዚያች ወረቀት በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

ክብራን ገብርኤል ስንደርስ ወንዶቹ ወረዱ፣ ሴቶቹ ቀረን። ገዳሙ ሴት አያስገባም፤ ይህንንም በስልክ አስቀድማ ነግራናለች። እውነቱን ለመናገር በሌሎች ጉዞዎች ይህን ግማሽ ሰዓት ጀልባ ውስጥ ተቀምጬ በስልኬ ስጫወት ነው ያሳለፍኩት፤ ለምን እኩል እንደምንከፍልም ሁልጊዜ ይገርመኛል። በዚህ ጉዞ ግን ከሁለቱ ቀናት ሁሉ የምመርጠው ይህን ግማሽ ሰዓት ነው። አንድ ሰው በደንገል ታንኳ ላይ እንጨት ጭኖ ከዘጌ ወደ ከተማው እየቀዘፈ በአጠገባችን አለፈ፤ ታንኳው ውሃ ጠጥቶ ስለነበር ጭነቱ ከውሃው ጋር ሊተካከል ጥቂት ነበር የቀረው። ልጅቱ እርሱን እያየች፣ ተመራማሪዎች ከሐይቁ ጥልቅ ቦታ በቧንቧ ቆፍረው ያወጡት ጭቃ ምን እንዳሳየ ነገረችን። ከታች በፀሐይ ደርቆ የጠጠረ አፈር አለ፤ ይህም ጣና አንድ ዘመን ላይ ፈጽሞ ደርቆ እንደነበር ያስረዳል። ከደረቀው አፈር በላይ የበሰበሰ ዕፅዋት ንጣፍ ይገኛል፤ ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ የሐይቁ መካከል ደንገል የበቀለበት ረግረግ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ውሃው እየጨመረ መጣ፣ መውጫ ስላልነበረው ጥቂት ጨዋማ ሆነ፣ የዛሬ 14,750 ዓመት ገደማ ደግሞ ሞልቶ ወደ አባይ ፈሰሰና መልሶ ጣፈጠ። እኛ የተቀመጥንበት ውሃ ቀድሞ የደንገል ሜዳ ነበር ሲባል የባለ ታንኳው ሰው በዚያው ሰዓት ማለፉ ተቀጣጥሮ የተዘጋጀ ይመስል ነበር።

አክስቴ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው «እሺ ልጄ፣ ሐይቁ ሲደርቅ ዓሣው የት ገብቶ ከረመ?» አሉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ በሳቅ የሚያልፍ አስጎብኚ ብዙ ነው። እርሷ ግን መልሷን እየመዘነች «እማማ፣ ወንዞቹ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም፤ ግልገል አባይ አለ፣ ጉማራ አለ፣ መገጭ አለ። ዛሬም እኮ ብዙ ነጭ ዓሣ ለመራባት ወደ ወንዝ ይወጣል» አለች። እኛ በደፈናው ነጭ ዓሣ የምንለው በሳይንስ ዓይን 15 ያህል ልዩ ልዩ ዝርያ መሆኑን፣ እነዚህም ከጣና በቀር በሌላ ቦታ እንደማይገኙ አከለችበት። አክስቴ ነገሩን «እንግዲያስ ዘመድ ቤት ተሰደው ነበራ!» ብለው ደመደሙት፤ ወንዶቹ ከገዳሙ ሲመለሱ ሳቃችንን ሰምተው ምን እንዳመለጣቸው ሲጠይቁ ዋሉ።

ዘጌ ላይ ከጀልባ ወርዶ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው ዳገት በቡና ጥላ ሥር ያልፋል። በዘጌ ምድር በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ሆኖ የኖረው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን በመሠረቱት በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ነው ይባላል፤ ቡናውና ጌሾውም በእርሳቸው በረከት የተገኘ እንደሆነ አባቶች ይናገራሉ። እንዲህ ያለውን ትውፊት ስትናገር የልጅቱን አነጋገር በጥንቃቄ ተከታትዬዋለሁ፣ ሙያዬም ነውና። በሳይንስ የሠለጠነ ወጣት ወይ ትውፊቱን በፈገግታ ያሳንሰዋል፣ ወይም አድማጭ እንዳይቀየመው ብሎ ከሳይንሱ ጋር አደባልቆ ሦስተኛ ነገር ይፈጥራል። እርሷ ሁለቱንም አላደረገችም። «አባቶች እንዲህ ይላሉ» ስትል የአባቶችን ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ ታስቀምጣለች፤ «አፈሩ እንዲህ ይላል» ስትል ደግሞ ያልታረሰና በዛፍ የተሸፈነ ዳገት አፈሩን ለሐይቁ አሳልፎ እንደማይሰጥ መሬቱን እያሳየች ትናገራለች፤ ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን ትታቸው ትሄዳለች። ማስታረቁን ለሰሚው ትተወዋለች። እኔ በክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ለማድረግ ሞክሬ አንዳንድ ቀን ብቻ ነው የተሳካልኝ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ በገመድ የተንጠለጠለው የድንጋይ ደወል ዘንድ ስንደርስ ቦርሳዋ ውስጥ ያለችውን መዶሻ አውጥታ ትመታዋለች ብዬ ሠግቼ ነበር። መዶሻዋን ገዳም ውስጥ አታወጣም። አንድ አረጋዊ መነኩሴን እጅ ነሥታ አስፈቀደች፤ እርሳቸውም በትንሽ ድንጋይ ሁለት ጊዜ መቱት። ድምፁ እንደ ብረት ጠርቶ ወጣና ቡናው ውስጥ ገባ። ማጉያ መነጽሯን አስጠግታ ካየችው በኋላ ለእኛም ተራ በተራ አሳየችን፤ የድንጋዩ ገጽ እጅግ የደቀቀና የጠበቀ ነው፣ ቀዳዳ የሚባል የለበትም። እንዲህ የጠጠረ አለት ሲመታ ንዝረቱ ሳይሰበር እንደሚጓዝ፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ግን ንዝረቱን ውጦ እንደሚያስቀረው፣ ፎኖላይት የሚባል የእሳተ ገሞራ አለት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከድምፁ መሆኑን አስረዳችን፤ ይህ ግን ፎኖላይት ነው ብላ አልደፈረችም፣ ናሙና ሳይወሰድ አይባልም አለች። ከዚያ «አባታችን፣ ከየት እንደመጣ ይታወቃል?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ከየት እንደመጣማ የሚያውቁት የሰቀሉት ናቸው፤ እኔ የማውቀው ከመረዋው በፊት እንደነበረ ነው» አሏት። ማስታወሻዋ ላይ ቃላቸውን እንዳለ ጻፈችው።

ቅሬታዬም የሚጀምረው እዚሁ ነው። ደወሉ ዘንድ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆመን፣ የመቅደሱን ግድግዳ የሸፈኑትን ሥዕላት ለማየት የቀረን ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነበር። ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተሠርተው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ መሆናቸውን፣ በባህላዊው አሣሣል ከአፈርና ከድንጋይ የሚወጡ ቀለማት እንደነበሩ በጥሩ ሁኔታ ነግራናለች። ነገር ግን ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ፣ በላዔ ሰብእ ለድኻው ጥርኝ ውሃ ሲሰጥ የሚያሳዩትን ሥዕሎች ታሪካቸውን ሳትተርክ አለፈቻቸው። ከውጭ የመጣ ወይም ከሌላ እምነት የሆነ እንግዳ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህ ጉድለት ይሰማችኋል። ለድንጋዩ የሰጠችውን ፍቅር ሩቡን ለሥዕሉ ብትሰጥ ጉዞው ሙሉ ይሆን ነበር።

የገዳማቱ የመግቢያ ክፍያ ለእርሷ ከከፈልነው ውጭ መሆኑን ያወቅነውም በር ላይ ደርሰን ነው። ገንዘቡ ለገዳማቱ መሆኑ ደስ ይላል፤ አስቀድሞ አለመነገሩ ግን ጥሬ ብር ያልያዙ ሁለት ተጓዦችን አሳፍሯል። ምሳውም አልታሰበበትም። ወቅቱ ጽጌ ነው፤ አክስቴን ጨምሮ ከዘጠኛችን አራቱ ጾመኞች ነበርን፣ የተዘጋጀልን ደግሞ የተጠበሰ ቀረሶ ዓሣ ነው። አስጎብኚዋ ደንግጣ ከመንደሩ ዳቦና አቮካዶ ገዝታ አመጣችልን፤ ይቅርታም ጠየቀች። ቢሆንም በባሕር ዳር ለሚሠራ ሰው ቀብድ ሲቀበል «ጾመኛ አለ?» ብሎ መጠየቅ ከባድ አይደለም።

እሑድ በሚኒባስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ጢስ አባይ ደረስን። ወደ ፏፏቴው በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የድንጋይ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1626 ገደማ በአፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት የተሠራ ነው፤ አባይ ከዚህ በታች በጠባብ የአለት ገደል ውስጥ ስለሚታፈን ያን ያህል ትልቅ ወንዝ በትንሽ ድልድይ መሻገር ተችሏል። አክስቴ «በእንቁላል ነው የተቦካ ይባላል» አሉ። ልጅቱ ከዳር የረገፈች ነጭ ፍርፋሪ አሳይታ ኖራ መሆኑን ነገረቻቸው፤ እንቁላሉንም አልካደችም፣ «ኖራው ግን አለ፣ ይኸው» አለች እንጂ።

ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንወጣ ከመንገዱ ጥቁር ድንጋይ አንሥታ ለአክስቴ ሰጠቻቸው። በሁሉም ወገን በቀዳዳ የተሞላ ነው። ቅልጥ አለቱ ወደ ላይ ሲወጣ በውስጡ የታመቀው ጋዝ እንደሚያመልጥ፣ አለቱ ከቀዘቀዘ በኋላ አረፋው የነበረበት ቦታ ክፍት ሆኖ እንደሚቀር ልትገልጽ ስትጀምር አክስቴ ቀደሟት። «ይኼማ የእንጀራ ዓይን ነው። እርሾው ደርሶለታል» አሉ። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ በእንጀራ ቋንቋ ቀጠለ። አንዳንዱ ዓይን ክብ ሳይሆን ወደ አንድ ወገን የተሳበ ነው፤ ይህም አለቱ ገና ሳይረጋ የፈሰሰበትን አቅጣጫ ያመለክታል። ልጅቱ ከአባይ በረሃ አፋፍ ያመጣችውን ሌላ ድንጋይ ከቦርሳዋ አውጥታ አጠገቡ አስቀመጠችው፤ የእርሱ ዓይኖች በነጭ ማዕድን ተደፍነዋል። ይኼኛው የደጋው መሬት ከተገነባበት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰው ባዛልት ወገን ስለሆነ ውሃ በውስጡ ሲመላለስ ኖሮ ቀዳዳውን ሞልቶታል። የጢስ አባዩ ግን በዚያ ሚዛን የትናንት ነው ማለት ይቻላል፤ የአባይን መውጫ ዘግቶ ጣናን የገደበው፣ ፏፏቴውም ዛሬ የሚወድቅበትን ደረጃ የሠራው ይኸው ወጣት ላቫ ነው። ጣና ሐይቅ የሆነው በተፈጥሮ ግድብ መሆኑን በመጽሐፍ ባነበውም፣ ግድቡን በእጄ ይዤው አላውቅም ነበር።

ፏፏቴው በቂ ውሃ ነበረው፤ 40 ሜትር ገደማ ከሚሆነው አፋፍ በሦስት ቦታ ተከፍሎ ይወርድ ነበር፣ ጢሱም ልብሳችንን አርሶታል። እዚህ ላይ የመብራቱን ነገር ሳትሸፋፍን ተናግራለች። የመጀመሪያው የጢስ አባይ ኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የሚወስደው ውሃ ጥቂት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው ሲጨመር ግን 73 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ብዙ ውሃ ከፏፏቴው ተቀነሰ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ይዞ ሲመረቅ የሐይቁ ውሃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ወደ በለስ መፍሰስ ጀመረ። ከተጓዦቹ አንዱ «ታዲያ ፏፏቴው ይሻላል ወይስ መብራቱ?» ብሎ ሊያከራክራት ሞከረ፤ እርሷ ነገሩን የሚወስነው አባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ ያለው የጨረጨራ ማገጃ በየትኛው ወር ምን ያህል ውሃ እንደሚለቅ መሆኑን አስረድታ ክርክሩን ለእኛ ተወችው፣ እኛም እስከ ባሕር ዳር ድረስ ስንከራከር መጣን።

የቀሩኝ አስተያየቶች ጥቂት ናቸው። ለእያንዳንዳችን የሰጠችው ካርታ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ነው፤ አፏ ላይ ያለውን ያማረ አማርኛ ወረቀቱ ላይ ብታሰፍረው ምን ነበረበት? የጢስ አባይ ዳገት ለጉልበተ ደካማ ይከብዳል፤ አክስቴ በምርኩዝና በልጅቱ ክንድ ተደግፈው ነው የወጡት፣ ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች በጀልባ ተሻግሮ የሚኬድበት ሌላ መንገድ እንዳለ ሳይነገረን ቀርቷል። ዳጋ እስጢፋኖስም በጉዞው የለም። የአፄ ዘርዓ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አፅም ያረፈበትን ደሴት የዘለለ ጉብኝት ለእኔ ለታሪክ አስተማሪዋ ይጎድላል፤ ሩቅ ስለሆነ ራሱን የቻለ አንድ ቀን እንደሚፈልግ ግን አምናለሁ።

እሑድ ማታ ቀሪውን ክፍያ ስልክላት በኅዳር መጨረሻ ወደ ጎርጎራ ለመሄድ እያሰበች መሆኑን ነገረችኝ፤ የአፄ ሱስንዮስን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽና የደብረ ሲና ማርያምን ቤተ ክርስቲያን በአንድ ጉዞ ለማሳየት ነው ሐሳቧ። ለሁለት ሰው ቀብድ ልኬያለሁ። ከቀብዱ ጋር ሦስት ነገር ጽፌላታለሁ፦ ጃኬቱ ከዋዜማው ይቆጠር፣ የመግቢያው ሒሳብ አስቀድሞ ይነገረን፣ በኅዳር መጨረሻ የነቢያት ጾም ስለሚሆን ዓሣ አታዝዢ። አክስቴ በበኩላቸው ቀዳዳ ያለበትን ድንጋይ ሞጣ ወስደው ለጎረቤቶቻቸው ሲያሳዩ ሰንብተዋል፤ ጎርጎራ ላይ ዓይኑ ያልወጣ ድንጋይ ካለ እንዲመጣላቸው አዝዘዋል።